«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ― ከባሕር ዳር እስከ ጥርባ



ልጅን ወልዶ፣ አሳድጎና አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ከአላህ (ሱ.ወ) ኒዕማዎች አንዱ ነው። ስንቶቻችን ነን በሌሊት ተነስተን «ያ ረብ፣ ልጆቼን ለቁም ነገር አድርስልኝ» እያልን እጃችንን የዘረጋነው? ዱዓችን ተሰምቶ ልጆቹ በእርግጥ ለቁም ነገር በቅተው ከቤት ሲወጡ ግን ለዚያ ቀን የተዘጋጀን ጥቂቶች ነን። እኔም ካልተዘጋጁት አንዷ ነበርኩ።

ከባለቤቴ ጋር በባሕር ዳር ገበያ ውስጥ አነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለን። አላህ ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። ትልቋ ትዳር ይዛ ደሴ ገባች። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። የመጨረሻው ልጃችን በ2017 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ፣ ቤታችን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እንደገና የሁለት ሰው ቤት ሆነ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። የሱብሒ አዛን ሲሰማ እንደ ልማዴ ተነስቼ የልጆቹን በር አንኳኳሁ። «ተነሱ፣ ሶላት ደርሷል!» አልኩ። መልስ የለም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ወደ መስገጃዬ ተመልሼ ስቆም የተሰማኝን ነገር ለመናገር ያሳፍራል፤ ግን እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከእንቅልፌ እነሳ የነበረው ልጆቼን ለመቀስቀስ ኖሯል እንዴ? የሚቀሰቀስ ልጅ ከሌለስ እኔ ለማን ብዬ ነው የምነሳው? በዚያው ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ሱብሒ አመለጠኝ። ልጆቹ ቤት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም ነበር።

ቀኑም ከሌሊቱ አይሻልም። ሊጥ ሳቦካ እጄ የለመደውን የአምስት ሰው ያህል ያቦካል፤ እንጀራው ተርፎ ይሻግታል። ቡናው ከአቦል አያልፍም፤ ቶናና በረካ ድረስ የሚቀመጥ የለም። ባለቤቴ ዙሪያውን እየተመለከተ «ይህ ቤት ጠበበን እያልን አልነበረም እንዴ?» ይላል። ሁለታችንም እንስቃለን፤ ሳቁም ብዙ አይቆይም።

ስለ እናቴ ማሰብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው።

እናቴ የምትኖረው በአዊ ዞን፣ ጥርባ ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። አክስቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር በ1980 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ ስወጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ትዳር ሄድኩ። ሁለቱ ወንድሞቼም ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ ወደ አኼራ ሄዷል፣ ሌላው ከአገር ውጭ ነው። አባታችን ካረፈም አሥር ዓመት አልፏል። እናቴ ቤቷ እንዲህ ባዶ ሲቀር ምን ተሰምቷት እንደ ነበር፣ በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ በየጁምዓው እደውልላታለሁ። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። እኔም ዝምድናን የመቀጠል ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ሲቋረጥ፣ «ሲረጋጋ እሄዳለሁ» እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ግን መንገዱ ሰላም በነበረባቸው ዓመታትስ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ መኪና እየሄደ መሆኑን ሰማሁ። በማግሥቱ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የአዊ መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ሲኬድ መጀመሪያ የሚገኘው መራዊ ነው። በጥር ወር ሌላው አገር ሲደርቅ የመራዊ ሜዳ ግን አረንጓዴ ነው፤ የቆጋ ግድብ ውኃ በቦይ እየወረደ ስንዴውን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ያጠጣል። ከዱርቤቴ በኋላ ዳንግላ ይመጣል። የተማርኩበትን ከተማ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። አክስቴም ዛሬ የለችም።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ከፍ እያለ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲደርሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ይታያል፤ የአገሩ ሰው «ደከረንስ» ይለዋል። የዘሩ መነሻ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይዘራዋል፤ በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብት ይሰጣል ወይም ይሸጣል። ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ቀስ እያለ ከስሎ ከሰል ይሆናል። መሬቱ ደግሞ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ውስጥ ቡና የምናፈላበት ከሰል ከዚህም ይሄዳል። በዚህ ዛፍ ስንቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ስንቱ ልጁን አስተማረ!

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገባበት። በመንገዱ ዳር ቅጠሉ የጠወለገ፣ ቆሞ የደረቀ ብዙ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዛፉን አሳዩኝና «እሱ ሲደርቅ ልጆቹም ሄዱ» አሉኝ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። አንዱ ወደ ቆላው ለቀን ሥራ ወርዷል፤ ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው። እኔ ባዶ ቤት የእኔ ብቻ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እኚህ ሰው ግን ልጆቻቸው የወጡት እንደ እኔ ልጆች ለትምህርትና ለትዳር አይደለም፤ መሬቱ አልይዛቸው ብሎ ነው። አልሐምዱሊላህ ማለት የሚገባኝን ቦታ እያማረርኩ እንደ ነበር ገባኝ።

እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀርከሃና ፈረስ የማይታጣባት የአገው አገር ናት። እናቴ ዛሬም በድሮ ስሟ «ኮሶበር» ነው የምትላት። ጥር 23 ቀን የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ተቃርቦ ስለ ነበር፣ ወጣቶች ፈረሶቻቸውን ሲያሠለጥኑ አየሁ። ስኳር፣ ቡና፣ ቴምርና አንድ ብርድ ልብስ ገዝቼ የቀረውን መንገድ ወደ ጥርባ ቀጠልኩ።

ገርበብ ያለው በር

ስደርስ መግሪብ ተቃርቧል። የእናቴ በር ገርበብ ብሏል። ልጅ ሆኜም ትልቅ ሰው ሆኜም በመጣሁ ቁጥር ይህ በር ማታ ማታ ገርበብ እንደሚል አውቃለሁ፤ ለጭስ መውጫ ይመስለኝ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳት ትቆሰቁሳለች። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማዬ!» አልኩ ደግሜ። አልዞረችም። ጥላዬ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለችው። «ልጄ! አንቺ ልጄ!» ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው ልጄ ደወለ። «አያትህ እዚህ አለች» ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሰጠኋት።

«አያቴ፣ እንዴት ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችው።

«ምሳ በላሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ። አላህ ይባርክህ።»

ልጄ ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ። አብራት የምትኖረውን፣ ትምህርት ቤት የምትሄደውን የዘመዳችንን ልጅ ቀና ብዬ አየኋት። አንገቷን ደፍታ «አትሰማም እኮ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ሆናት። ስልክ ሲመጣ እኔ አነሳና እሰጣታለሁ። አንቺ እንደሆንሽ ከነገርኳት ይበቃታል። እንዳልነግርሽ አደራ ብላኝ ነው።»

ውድ አንባቢ ሆይ! ሁለት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው ስደውል፣ መንገድ ስለ መዘጋቱ ሳወራላት፣ ልጄን ስለ መዳሬ ስነግራት፣ ይቅርታ ስጠይቃት፣ እናቴ አንዲት ቃል አልሰማችም። እኔ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መልሷ ከጥያቄዬ ጋር መግጠም አለመግጠሙን አላስተዋልኩም። አላህ ወላጆቻችንን «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል። እኔ ኡፍ ብያት አላውቅም። ግን አዳምጫት አውቃለሁን?

ማታ ጆሮዋ አጠገብ ሆኜ ጮክ ብዬ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? መንገድ ዝግ ነው፤ አንቺም ልጆች አሉሽ። መጨነቅ ብቻ ነው።»

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። የእኔም መልስ ነው። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት እንዳለብኝ ሲነገረኝ ለአንዳቸውም ልጆቼ አልተናገርኩም። ጅማ ያለው ልጄ ሲደውል «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንተ ብቻ ትምህርትህን ያዝ» እለዋለሁ። የእናቴን ቃል ተቀብዬ ለልጆቼ እያስተላለፍኩ ኖሬያለሁ።

በሩንም ጠየቅኋት። «ማታ ማታ ለምንድን ነው ገርበብ የምታደርጊው?»

«ድሮ ከእናንተ አንዳችሁ በድንገት ብትመጡ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ጆሮዬ ከብዷል፤ ሰው መጥቶ ቢያንኳኳ አልሰማም።»

ማን ይቀሰቅስሻል?

ሌሊት ብርዱ ስላላስተኛኝ ነቅቼ ነበር። በጨለማው ውስጥ እናቴ ስትነሳ አየኋት። የአዛን ድምፅ አትሰማም፤ የዶሮም ጩኸት አትሰማም። በምሥራቅ በኩል ያለችውን ትንሽ መስኮት ገፋ አድርጋ ሰማዩን አየች። ከዚያ የውዱእ ውኃዋን ይዛ ወጣች። እንደዚያ ያለ ብርድ ላይ፣ እንደዚያ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ! ተመልሳ ቆማ ከመስገዷ በፊት ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ።

ሶላት ካለቀ በኋላ «እማዬ፣ ማን ይቀሰቅስሻል?» አልኳት።

በጣም ገርሟት አየችኝ። «እናንተን ስቀሰቅስ እኔን ማን ነበር የሚቀሰቅሰኝ?» አለች።

ባሕር ዳር ላይ ለብዙ ሌሊት ስብሰለሰልበት የነበረው ጥያቄዬ በዚህች መልስ አበቃ። ሶላት የልጅ ማሳደጊያ ሥርዓት ብቻ ሆኖብኝ ነበር። ልጆቹ ሲሄዱ ሥርዓቱም አብሮ የላላው ለዚህ ነው። እናቴ ግን ልጆች ሲኖሩ ከልጆቿ ጋር ሰገደች፤ ሲሄዱም ብቻዋን ሰገደች፤ የሚቀሰቅሳት ድምፅ ሲጠፋ በዓይኗ ጎሕ ትጠብቃለች።

የኖሩበት ጎረቤት

እናቴን ያን ሁሉ ጊዜ ማን ጠበቃት? ከአላህ ቀጥሎ ጎረቤቶቿ ናቸው። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ክርስቲያን ናቸው። መንገዱ ተዘግቶ ገበያው በጠፋበት ወር ጨውና ዘይት ያካፈሏት እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዳ በሙስሊም እጅ የታረደ ለብቻ ይዘጋጃል። እትዬም ልጃቸውን ሲድሩ ለእናቴ ብለው አንድ በግ በሙስሊም አሳርደው፣ ድስቱንም ለይተው ላኩላት። ሁለቱ በአውኚ ቋንቋ ሲጨዋወቱ ማየት ያስደስታል፤ እትዬ አፋቸውን ከፍተው ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ እናቴ ከንፈራቸውን እያየች ትመልሳለች። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት ሐቅ አጥብቀው ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ከግድግዳዬ ማዶ ያሉት አሮጊት ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አዛውንቶች እንደሚሉት አዊ «ሰባት ቤት አገው» የተባለው ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ ተነስተው መጥተው ስለ ሰፈሩበት ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ወንድማማቾቹ ጀግንነት ብቻ ነበር የማስበው። ዘንድሮ ግን ሰባት ልጆች የወጡባት እናት ላስታ ላይ እንዴት ሆና ይሆን ብዬ አሰብኩ። እስላማዊ ታሪካችንም እንዲሁ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ስደት ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲመጡ፣ እኛ የምንኮራው እንግዳ ተቀባይ በሆነችው አገራችንና በንጉሥ ነጃሺ ነው። መካ ውስጥ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ማን ያስታውሳል? ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ከሐበሻ ተመልሶ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገኘው በ628 እ.ኤ.አ.፣ ከኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ስልክ። የሙሳም (ዐ.ሰ) እናት ጨቅላ ልጇን ለወንዝ አሳልፋ ስትሰጥ ልቧ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ቁርኣን ይነግረናል። አላህ ግን ቃል ገባላት፤ ልጇንም መለሰላት። ባዶ ልብ የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም ማለት ነው። ጉድለቱ ያለው ባዶውን በምን እንደምንሞላው ላይ ነው።

ውሳኔያችን

እናቴን ወደ ከተማ ወስጄ አስመረመርኳት። ጆሮዋ ሲታጠብ ትንሽ ተሻላት፤ የቀረው የእድሜ ነው ተባልን። አሁን ጠጋ ብሎ ጮክ ላለ ሰው ትሰማለች፤ በስልክ ግን ያው ነው።

«ባሕር ዳር እንውሰድሽ» አልኳት።

«እናንተ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ናችሁ። እኔ ግድግዳ ላይ ሳፈጥ ልዋል? እዚህ ደጄ ላይ ስቀመጥ ያለፈው ሁሉ ‹እንዴት አደርሽ› ይለኛል። ባልሰማውም አፉን አያለሁ።»

ማስገደድ አልቻልኩም። የተከራከርኩት ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ ሕሊና? መጥታ አጠገቤ ብትሆን የሚቀለው ለእኔ ነው። እሷ ግን ቤቷን፣ የአባቴን ቀብርና ሰላምታዋን ታጣለች። የየመኑ ኡወይስ አልቀረኒ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እየኖረ ሳያያቸው የቀረው እናቱን ሲኻድም እንደ ነበር ይነገራል። እሱ እናቱ ወዳለችበት ቆየ እንጂ እናቱን ወደሚፈልግበት አልጎተታትም።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። የሁለት ሰው ኢፍጣር ሁለታችንንም አስፈርቶን ነበር። እንዲህ ወሰንን፦ ረመዳንን እኔ ጥርባ እጾማለሁ፤ እሱ ሱቁን ይዞ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ይመጣል። አላህም አገራው።

እናቴ እድሜዋና ጤናዋ መጾም አልፈቀደላትም። በዚህ አዝና ነበር። መጾም ለማይችል አዛውንት ሸሪዓ የሰጠውን መፍትሔ፣ ማለትም ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድኻ ማብላትን፣ አብረን አደረግነው። በየቀኑ እሷ ዳቦውን ትጋግራለች፣ እኔ አደርሳለሁ። በመንገድ ላይ ያገኘኋቸውን እንደ እኚያ አዛውንት ያሉ፣ ልጆቻቸው የራቁ ስንት ቤቶች በዚያ ምክንያት አወቅኩ! ማታ ሁለታችን ቴምር ይዘን ገርበብ ባለው በር በኩል ፀሐይ ስትገባ እናያለን። የጠፋብኝንም አውኚ እንደገና ከአንደበቷ ተማርኩ፤ ጆሮዋ አጠገብ እየጮህኩ የምሳሳተውን ታርመኛለች፣ ትስቃለችም።

ከልጆቼ ማንም ለዒድ አልመጣም። ሥራና ትምህርት፣ የመንገዱም ሁኔታ አልፈቀደም። አለቀስኩ፤ አልዋሽም። በዒዱ ቀን ሦስቱም ደወሉ። የጅማው ልጄ «እማ፣ እንዴት ነሽ?» ሲለኝ እንደ ወትሮው ልመልስ አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩት፤ «ግን ደም ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። ደግሞም ናፍቀኸኛል።» ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። እኔም እናቴን የጠየቅኋት ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚደውልልኝ እሱ ነው። «መድኃኒቱን ወሰድሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ መልሴ ከጥያቄው ጋር ካልገጠመም ደግሞ ይጠይቃል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን እንዳይጨነቁ ብለን እውነቱን ስንደብቅ፣ ወላጆቻቸውን የመኻደም አጅራቸውን እየነፈግናቸው መሆኑን እናስብ። ውድ ወጣቶች! «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» የሚለውን የእናታችሁን ቃል ስትሰሙ አትዝጉት። ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም አዳምጡ። መንገድ ሲከፈት ደግሞ ሂዱ። የእናቴ በር ለሠላሳ ሰባት ዓመት ገርበብ ብሎ ነበር፤ ስንቱ ደጃፍ እንዲሁ ይጠብቅ ይሆን?

አላህ ለወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ የራቁትን ልጆቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን፤ መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።